ሞምባሳ ለምትሄዱ

ፎርት ጂሰስን በጠዋት፣ በሩ እንደተከፈተ ግቡበት። ፖርቹጋሎች በ1590ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የገነቡት ምሽግ ነው፤ ከረፋድ በኋላ ግን ወበቁ አያስቆምም። አጠገቡ ያለውን አሮጌ ከተማ በእግር ዙሩት፤ የተቀረጹት የእንጨት በሮች ብቻ እንኳ ይበቃሉ።

ወደ ዲያኒ የባሕር ዳርቻ ለመሄድ የሊኮኒን ጀልባ ተሻገሩ፤ ለእግረኛ ነፃ ነው። ከማዶ ማታቱ፣ ማለትም የእነሱ ሚኒባስ፣ አለላችሁ። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ግፊያው ከባድ ስለሆነ ቦርሳችሁን ከፊት ያዙ።

ሰዓት ላይ እኛ ዕድለኞች ነን። በስዋሂሊም ሰዓት እንደኛ ከንጋት ነው የሚቆጠረው፤ በስዋሂሊ «ሁለት ሰዓት» ያላችሁ ሰው የኛኑ ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው። የናይሮቢው ባቡር ትኬት ግን በፈረንጆቹ ሰዓት ነው የሚጻፈው፣ እንዳያመልጣችሁ። ፌስታል ደግሞ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ፤ ኬንያ ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከልክላለች።