ለብረት ቆረጣ ዙርና ፊድ እንዴት ይሰላል?

ስፒንድሉ (ብረቱን ወይም መቁረጫውን የሚያሽከረክረው የማሽኑ ዘንግ) በደቂቃ በስንት ዙር ይሽከርከር የሚለውን የሚወስኑት የሚቆረጠው ብረትና መቁረጫው የተሠራበት ቁስ ናቸው። ስሌቱ የሚነሳው ከመቁረጫ ፍጥነት ነው፤ ይህም ስለቱ በብረቱ ገጽ ላይ በደቂቃ ስንት ሜትር እንደሚሄድ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ለሃይ ስፒድ ስቲል (ለመቁረጫ የሚሆን ጠንካራ የብረት ዓይነት) መቁረጫ ማይልድ ስቲል (ለስላሳ ተራ ብረት) ላይ ከ25 እስከ 30 ሜትር፣ ካስት አይረን ላይ 20 ገደማ፣ ስቴይንለስ ላይ ከ12 እስከ 18፣ አልሙኒየም ላይ ከ60 እስከ 100 ጥሩ መነሻ ነው። ካርባይድ (ከሃይ ስፒድ ስቲል የጠነከረ የመቁረጫ ቁስ) የበለጠ ሙቀት ስለሚችል ማይልድ ስቲልን ከ100 እስከ 200 ሜትር ይቆርጣል። የኢንሰርቱ (መያዣ ላይ የሚታሰረው ተቀያሪ ስለት) ማሸጊያ ላይ ቁጥር ታትሞ ከሆነ ግን እሱን ያስቀድሙ።

ዙር በደቂቃ = (1000 × የመቁረጫ ፍጥነት) ÷ (3.14 × ዲያሜትር)

ፍጥነቱ በሜትር፣ ዲያሜትሩ በሚሊ ሜትር ይገባል። በቃል ለማስላት 320ን በፍጥነቱ አባዝቶ ለዲያሜትሩ ማካፈል ይበቃል። ሌዝ (የሚቆረጠው ብረት ራሱ የሚሽከረከርበት ማሽን) ላይ የሚገባው የሚሽከረከረው ብረት ዲያሜትር ነው፤ መቁረጫው በሚሽከረከርባቸው ሚሊንግና ድሪል ላይ ደግሞ የመቁረጫው። ብዙ መቁረጫ የሚቃጠለው እነዚህ ሁለቱ ሲምታቱ ነው።

ለምሳሌ 50 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው የማይልድ ስቲል ዘንግ በ25 ሜትር ፍጥነት ሲሰላ 159 ዙር ይመጣል። ማሽኑ ያለው 150 እና 200 ብቻ ከሆነ 150ን ይምረጡ። ፍጥነት ከሁሉም በላይ የስለቱን ዕድሜ ይበላል፤ ካርባይድ ላይ ፍጥነቱን በ20 በመቶ መጨመር ዕድሜውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ሃይ ስፒድ ስቲል ላይ ደግሞ ሩብ ያህሉ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ሥራ ማፋጠን ሲያስፈልግ በመጀመሪያ የቆረጣውን ጥልቀት፣ ቀጥሎ ፊዱን (መቁረጫው ብረቱ ላይ ወደፊት የሚጓዝበትን መጠን)፣ በመጨረሻ ዙሩን ይጨምሩ።

ሌዝ ላይ ፊድ የሚለካው መቁረጫው በአንድ ዙር በሚጓዘው ሚሊ ሜትር ነው። ለሻካራ ቆረጣ ከ0.2 እስከ 0.4፣ ለማጠናቀቂያ ከ0.05 እስከ 0.15 ይሆናል። በገጹ ላይ የሚቀረውን የመስመር ጥልቀት አስቀድሞ መገመት ይቻላል፦ ፊዱን በራሱ አባዝቶ፣ የመቁረጫው አፍንጫ ራዲየስ በ8 ተባዝቶ ለሚገኘው ማካፈል ነው። ራዲየሱ 0.4 ሚ.ሜ ሆኖ ፊዱ 0.2 ከሆነ 0.0125 ሚ.ሜ ይወጣል። ፊዱ በግማሽ ሲቀንስ ጥልቀቱ ወደ ሩብ ይወርዳል።

ለድሪል በአንድ ዙር ከዲያሜትሩ ከ1 እስከ 2 በመቶ ይውሰዱ። 10 ሚ.ሜ ድሪል በ25 ሜትር ፍጥነት ወደ 800 ዙር ይፈልጋል፤ ፊዱ 0.15 ከሆነ በደቂቃ 120 ሚ.ሜ ይወርዳል።

ሚሊንግ ላይ የሚታሰበው እያንዳንዱ ጥርስ የሚነክሰው መጠን ነው፦

ፊድ በደቂቃ = የአንድ ጥርስ ንክሻ × የጥርስ ብዛት × ዙር

ባለ 4 ጥርስ፣ 12 ሚ.ሜ የሃይ ስፒድ ስቲል መቁረጫ በ25 ሜትር ፍጥነት 663 ዙር ይሆናል። ንክሻው 0.05 ከሆነ ፊዱ በደቂቃ 133 ሚ.ሜ ነው። መቁረጫው በጎን የሚገባው ከዲያሜትሩ 10 በመቶ ብቻ ከሆነ የፍቅፋቂው (ከብረቱ ተቆርጦ የሚወጣው ስስ ቁራጭ) ውፍረት ከታሰበው 60 በመቶ ያህሉ ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህ ፊዱን 1.6 ጊዜ ያህል ማሳደግ ይቻላል።

ፈርቶ ፊድን ከመጠን በላይ መቀነስ መቁረጫውን አያድነውም። ስለቱ መንከሱን ትቶ ብረቱን ያሻል፤ ይሞቃል፣ ይደንዛል። ስቴይንለስ ላይ ደግሞ የታሸው ገጽ ስለሚጠነክር ቀጣዩ ጥርስ የሚያገኘው ከበፊቱ የባሰ ብረት ነው። እንዲህ ሲሆን ዙሩን ይቀንሱ እንጂ ፊዱን አይንኩት፤ ድሪሉንም ቀዳዳው ውስጥ ሳይቆርጥ እንዲሽከረከር አይተዉት።

ስሌቱ ልክ መሆኑን ፍቅፋቂው ይናገራል። በሃይ ስፒድ ስቲል ብረት ሲቆረጥ ፍቅፋቂው ሰማያዊ ከሆነ ዙሩ በዝቷል፤ በካርባይድ ግን ሰማያዊ መሆኑ ችግር የለውም። ስለቱ ጫፍ ላይ ብረት ተለጥፎ ገጹ የተቦጫጨረ ከሆነ፣ በካርባይድ ሲሠራ አብዛኛውን ጊዜ ፍጥነቱ አንሷል ማለት ነው። አልሙኒየም ላይ ግን ከፍጥነቱ በፊት ማለስለሻ ፈሳሹ ስለቱ ላይ መድረሱን ይመልከቱ። ማሽኑ እየተንቀጠቀጠ ቢንጫጫ ዙሩን ከ10 እስከ 20 በመቶ ዝቅ አድርገው፣ ከመያዣው ወጥቶ የቆመውን የመቁረጫውን ርዝመት ያሳጥሩ።