አንጀልፊሾች ለምን ይጣላሉ? ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንጀልፊሽ የምትባለው የአኳሪየም (የመስታወት ገንዳ) ዓሣ በእርጋታዋ ልብ ትሰርቃለች። ገዝቶ ቤቱ ያስገባት ሰው ግን ከወራት በኋላ የተቀደደ ክንፍ፣ የተነቀለ ቅርፊትና ጥግ ይዞ የቀረ ዓሣ ማየት ይጀምራል። ያኔ «ይሄኛው ክፉ ነው» ተብሎ አንዱ ይወጣል፤ በሳምንቱ ደግሞ ሌላው ማባረር ይጀምራል። ጠቡን የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ የዓሣው ጠባይ ሳይሆን እኛ ያዘጋጀንለት ቦታ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ምን ዓይነት ዓሣ እንደገዙ አለማወቅ ነው። አንጀልፊሽ ከደቡብ አሜሪካ፣ ከአማዞንና ከኦሪኖኮ ወንዞች የመጣች፣ ሲክሊድ የሚባለው የዓሣ ቤተሰብ አባል ናት። ከሐይቆቻችን የሚወጣው ቆሮሶም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ቆሮሶ እናት እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ትጠብቃለች። አንጀልፊሽ ግን ሰፊ ቅጠል ላይ፣ ካጣችም የፊልተሩ (የውሃ ማጣሪያው) ቱቦ ወይም መስታወቱ ላይ ትጥልና ከወንዱ ጋር ሆና ዙሪያውን ትከላከላለች። ወንዝ ውስጥ የተሸነፈው ርቆ ይሄዳል። አኳሪየም ውስጥ ግን መሄጃ የለውም።

ሦስት አንጀልፊሽ አብሮ ማስቀመጥ ከሁሉ የከፋው ምርጫ ይመስለኛል። ትንንሽ ሳሉ በሰላም ይኖራሉ፤ ሱቅ ውስጥ ተሰብስበው የምናያቸውም በዚያ ዕድሜያቸው ነው። ለአካለ መጠን ሲደርሱ ሁለቱ ይጣመሩና ሦስተኛው የዱላ ማረፊያ ይሆናል። ወይ ሁለት ብቻ ይያዙ፣ ወይ ስድስትና ከዚያ በላይ አድርገው ቁጣው በብዙዎች ላይ እንዲከፋፈል ያድርጉ። «አንድ ወንድና አንዲት ሴት ስጠኝ» ብሎ መግዛትም አያዋጣም፤ ትንንሾቹን በዓይን መለየት አይቻልም። ሁለት ሴቶች ተጣምረው እንቁላል የሚጥሉበት ጊዜም አለ፤ ያ እንቁላል ነጭ ሆኖ ይበላሻል እንጂ አይፈለፈልም። የተሻለው መንገድ ስድስት ጫጩቶችን አብሮ አሳድጎ ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ መጠበቅ ነው።

ስድስት ሲባል ግን ቦታው መኖር አለበት። ብዙ ሰው የአኳሪየሙን ርዝመት ብቻ ያያል። ያደገ አንጀልፊሽ ከላይኛው እስከ ታችኛው ክንፉ ጫፍ ከ20 ሴንቲ ሜትር ሊያልፍ ስለሚችል የውሃው ጥልቀት 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ይመረጣል። ለአንድ ጥንድ 100 ሊትር ያህል፣ ለስድስት ደግሞ ከ200 ሊትር በላይ ያስፈልጋል።

ሰፊም ሆኖ ባዶ የሆነ አኳሪየም አይጠቅምም። አንዱ ሌላውን ከዳር እስከ ዳር የሚያይ ከሆነ ማባረሩ አያልቅም። ረጃጅም የውሃ ተክሎችን፣ የቆመ ጉቶና ድንጋይ መሐል ላይ አድርገው እይታውን ይክፈሉት። ተባራሪው ከአሳዳጁ ዓይን እንደተሰወረ ማሳደዱ ብዙ ጊዜ እዚያው ይቆማል።

አዲስ ዓሣ ብቻውን መጨመርም አደገኛ ነው፤ ቦታው ሁሉ ባለቤት አለው። ግድ ከሆነ ከአንድ በላይ ያስገቡ፤ ከማስገባትዎ በፊት ድንጋዩንና ጉቶውን አዘዋውረው የነባሮቹን ድንበር ያፍርሱ፤ መብራቱንም ያጥፉ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ፦ የመራቢያ ምልክትን አለማንበብ። ሁለት አንጀልፊሾች አፍ ለአፍ ተያይዘው ሲጓተቱ ቢያዩ ወዲያው አይደናገጡ፤ አጭር ከሆነና ሁለቱም ክንፋቸውን ዘርግተው ከተመለሱ ኃይል መፈታተሽ ነው። ሁለቱ ተራ በተራ አንድ ቅጠል በአፋቸው ሲጠርጉ ካዩ ደግሞ እንቁላል ሊጣል ቀርቧል ማለት ነው። እንቁላሉ ከ2 እስከ 3 ቀን ይፈለፈላል፤ ጫጩቶቹ መዋኘት የሚጀምሩት ደግሞ አንድ ሳምንት ገደማ ሲሞላቸው ነው። በእነዚህ ቀናት ጥንዱ የአኳሪየሙን ግማሽ ለራሱ ይወስዳል፤ እጅዎን ሲያስገቡ እርስዎንም ሊነክስ ይመጣል። ሌሎቹን በመከፋፈያ ይለዩ፣ ወይም ጥንዱን ወደ ራሱ አኳሪየም ያዛውሩ። አዲስ አበባን በመሰለ ደጋ ሂተር (የውሃ ማሞቂያ) የግድ ነው፤ ነገር ግን ሙቀቱን ያለምክንያት ወደ 29 እና 30 ዲግሪ ማውጣት ለመራባት ያነሳሳቸዋል፣ ጠቡም አብሮ ይመጣል። ማራባት ካልፈለጉ 25 ወይም 26 ይበቃል።

ምግብ አንድ ቦታ ብቻ አይጣል፤ ጉልበተኛው ይዘጋዋል። በሁለት በኩል ትንሽ ትንሽ ይበትኑ።

የመጨረሻው ስህተት «ይለምዱታል» እያሉ መዘግየት ነው። ከሂተሩ ጀርባ ወይም ከውሃው ገጽ ሥር ተደብቆ፣ ክንፉን አጥፎ፣ ለምግብ እንኳ የማይወጣ ዓሣ ተሸንፏል፤ በዚያው ቀን ይለዩት። አሳዳጁ አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ እሱን ለጥቂት ቀናት አውጥተው፣ የውስጡን አቀማመጥ ቀይረው ይመልሱት። የተጎዳው ዓሣ ክንፍ ውሃው በየሳምንቱ ሩብ ያህል እየተቀየረ ንጹሕ ከሆነ በራሱ ይበቅላል። ቁስሉ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ከታየ ግን ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ለብቻው አድርገው ያክሙት።