ወረቀቱ ሞልቷል፣ ጉድጓዱ ግን ሊናድ ነው፦ በግንባታ የስጋት ግምገማ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

አንድ ጠዋት የቧንቧ መስመር ቁፋሮ ላይ ደረስኩና ፎርማኑን የስጋት ግምገማውን፣ ማለትም ሥራው ምን አደጋ እንዳለውና በምን እንደሚከላከሉት የተጻፈበትን ወረቀት፣ እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት። ከመኪናው ጋቢና አወጣልኝ። ንጹህ፣ በኮምፒውተር የተጻፈ፣ እንዳይቆሽሽ በፕላስቲክ የታሸገ ወረቀት ነው። "የጉድጓድ መናድ" የሚል መስመር አለው። ከጎኑ "አፈሩ ደረቅና ጠንካራ፣ ስጋቱ ዝቅተኛ" ይላል። ሌሊቱን ሲዘንብ ነው ያደረው። ጉድጓዱ ከቁመቴ ይጠልቃል፣ የወጣው አፈር ጠርዙ ላይ ተቆልሏል፣ ከቁልሉ ወዲያ ደግሞ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ የጉድጓዱን አቅጣጫ ተከትሎ ይሄዳል። ውስጥ ሁለት ወጣቶች ጎንበስ ብለው ቧንቧ ይገጥማሉ።

አስወጣናቸው። ጉድጓዱ ያን ቀን አልተናደም። ችግሩም እሱ ነው፤ አብዛኛውን ቀን አይናድም።

ወረቀቱ የሚያወራው ስለ አንድ ሥራ ነበር፣ ወጣቶቹ የሚሠሩት ደግሞ ሌላ ሥራ። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች በሙሉ የዚህች ነገር ዘመዶች ናቸው።

ቢሮ ቁጭ ብሎ መሙላት

ሁላችንም እናውቃታለን። ያለፈውን ፕሮጀክት ፋይል ትከፍታለህ፣ ስሙን ትቀይራለህ፣ ቀኑን ትቀይራለህ፣ ትፈርማለህ። ኮፒ ፔስት። ከዚያ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ግምገማ ላይ ስለ ታወር ክሬን ሁለት ገጽ ሰፍሮ ታገኛለህ። አንዳንዴማ የድሮው ፕሮጀክት ስም መሃል ላይ ተረስቶ ይቀራል። አንባቢ ቢኖር ኖሮ ይታይ ነበር፤ አንባቢ ስለሌለ ነው የቀረው።

ሳይቱን ዞሮ ማየትም ብቻውን አይበቃም። ሥራው ሲሠራ ማየት ያስፈልጋል። ግማሽ ሰዓት ቆመህ ግንበኛው ብሎኬቱን እንዴት ወደ ላይ እንደሚያደርስ እይ። ወረቀቱ "በሊፍት ይጓጓዛል" ይላል፤ ሊፍቱ ከተበላሸ ግን ሰንብቷል፣ ብሎኬቱ ከሰው ወደ ሰው እየተወረወረ ነው የሚወጣው።

ስትጠይቅ ደግሞ "ችግር አለ?" ብለህ አትጠይቅ። መልሱ ሁሌም "የለም" ነው፤ ማን ችግር ፈጣሪ መባል ይፈልጋል? "ይህን ሥራ ስትሠራ እግርህ የሚንቀጠቀጥበት ቦታ የቱ ነው?" ብለህ ፌሮ አሳሪውን ጠይቀው። ጣቱን ቀስሮ ያሳይሃል።

"ከፍታ" ብሎ ጽፎ ማለፍ

የአደጋ ምንጭና ስጋት አንድ አይደሉም። ከፍታ ምንጭ ነው። ኤሌክትሪክም ምንጭ ነው። ስጋቱ ግን ማን፣ ምን ሲያደርግ፣ ምን ይደርስበታል የሚለው ነው። "ከፍታ" ብለህ ከጻፍክ መፍትሔው ሳጥን ውስጥ የሚገባው መቼም ያው ነው፦ "ሄልሜት ይደረግ"። ከአራተኛ ፎቅ ለወደቀ ሰው ሄልሜት ምን ይፈይዳል?

አሁን እንዲህ ጻፈው፦ "የሶሌታው (የኮንክሪት ወለሉ) ጠርዝ አጠገብ ፌሮ የሚያስር ሰው ፊቱን ወደ ሥራው አድርጎ ወደ ኋላ ሲራመድ ጠርዙን ስቶ ይወድቃል።" ዓረፍተ ነገሩ ራሱ መልሱን ይነግርሃል። ጠርዙ ሥራው ከመጀመሩ በፊት መታጠር አለበት፣ አለቀ።

ሁሉን ነገር በጓንትና በሄልሜት መፍታት

ይህኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሞተው እዚህ ጋ ነው ብዬ ስለማምን።

የመከላከያው ቅደም ተከተል የታወቀ ነው። መጀመሪያ አደጋውን ከነምንጩ ማስቀረት፣ ካልተቻለ አደጋው በቀለለ ነገር መተካት፣ ከዚያ በአጥርና በሽፋን መለየት፣ ከዚያ በአሠራርና በሥልጠና መቆጣጠር፣ በመጨረሻ ሰውየውን ማልበስ። በተግባር ግን ከመጨረሻው እንጀምራለን፣ እዚያው እንጨርሳለን። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጓንት ርካሽ ነው፣ ፎቶ ላይም ያምራል።

የሴፍቲ ቤልትን ነገር ተመልከት። ወረቀቱ "ሴፍቲ ቤልት ይጠቀማሉ" ይላል፣ ሁሉም ይረካል። እስቲ አብረን እናስላ። የተለመደው ገመድ 1.8 ሜትር ነው። ሰው ሲወድቅ የአወዳደቁን ምት የሚቀንሰው ተዘርጊ ክፍል ወደ 1 ሜትር ይተረተራል። ገመዱ ጀርባ ላይ ከሚያያዝበት እስከ እግር ድረስ ያለው የሰውነት ርዝመት 1.5 ሜትር ያህል ነው። ለመጠባበቂያ 1 ሜትር ጨምርበት። ገመዱ ከታሰረበት ነጥብ ወደ ታች ከ5 ሜትር በላይ ባዶ ቦታ ያስፈልጋል ማለት ነው። እንግዲህ 4 ሜትር ከፍታ ላይ የቆመ፣ ገመዱን እግሩ ሥር ካለ ፌሮ ጋር ያሰረ ሰው ቢወድቅ ገመዱ በደንብ ሳይዘው መሬት ይደርሳል። ቀበቶውን ለብሷል፣ አስሯል፣ ደንቡን አክብሯል። ግን መሬት ይደርሳል።

የታሰረበት ፌሮ ይችለዋል ወይ የሚለውን ገና አልጠየቅንም።

ገመዱ ያዘው እንበል። ተንጠልጥሎ ቀረ። ማን ያወርደዋል? እግሩ ሳይንቀሳቀስ በቀበቶ የተንጠለጠለ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። "የእሳት አደጋ መከላከያ ይጠራል" የሚለው ዕቅድ አይደለም፣ ተስፋ ነው። መሰላሉ፣ ቅርጫቱ ወይም ማውረጃው ገመድ እዚያው ሳይቱ ላይ ከሌለ፣ አጠቃቀሙን የሚያውቅ ሰው በስም ካልታወቀ፣ ግምገማው ግማሽ ነው።

የማዳን ነገር ከተነሳ አይቀር፣ ማንሆልና የውኃ ታንከርም እዚህ ይገባሉ። ንጹህ አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን 20.9 በመቶ ነው፤ ከ19.5 በመቶ ሲወርድ አደገኛ ተብሎ ይያዛል። ዓይን ይህን አያየውም፣ አፍንጫም አያሸተውም። አንድ ሰው ይገባል፣ ይወድቃል። ጓደኛው ሊያወጣው ይገባል፣ እሱም ይወድቃል። ሦስተኛው ይከተላል። በዚህ ዓይነት አደጋ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ለማዳን የገቡት ናቸው። ስለዚህ አየሩ ከመገባቱ በፊት በመሣሪያ ይለካ፣ ሰውየውም ማንም ሳይገባ ከውጭ ተስቦ የሚወጣበት መንገድ ይዘጋጅ።

በቁጥር መጫወት

የመከሰት ዕድል ከ1 እስከ 5፣ ጉዳት ከ1 እስከ 5፣ ታባዛለህ፣ ቀለም ትቀባለህ። ሰንጠረዡ ክፉ አይደለም፣ የትኛው እንደሚቀድም ለመለየት ይረዳል። ችግሩ ውጤቱን አስቀድመን እናውቀዋለን። 15 ወጣ እንበል፣ ቀይ ነው፣ ሥራ ይቆማል። የዛሬ የኮንክሪት ሙሌት ደግሞ መቆም የለበትም። እናስ? ዕድሉን ከ3 ወደ 2 ዝቅ እናደርጋታለን፣ 10 ትሆናለች፣ ቢጫ። አንዲት ቁጥር ተነካች፤ ሳይቱ ላይ ግን ሚስማር እንኳ አልተመታም።

ሌላዋ ብልሃት "ሥልጠና ተሰጥቷል" ብሎ ጉዳቱን ከ5 ወደ 2 ማውረድ ነው። ሥልጠና የወሰደ ሰው ከፎቅ ሲወድቅ ቀስ ብሎ አይወድቅም።

እኔ ጉዳቱ 5 ከሆነ፣ ማለትም ሞት ካለበት፣ ቁጥሩን ወደ ጎን እተወዋለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ይህን የሚያግደው ነገር ዛሬ የት አለ? በእጅህ ንካና አሳየኝ።

"ሃያ ዓመት ሠርተናል፣ ምንም አልሆነም"

ልምድ ያለው ሰው ሲናገረው ደግሞ መከራከር ከባድ ነው። የእውነት ሃያ ዓመት ሠርቷል። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ግን ከ1.5 ቶን በላይ ይመዝናል፣ እርጥብ ከሆነ ይብሳል፤ የአንዲት መኪና ክብደት ነው። ደረቱ ድረስ የተቀበረ ሰው ጭንቅላቱ ውጭ ቢሆንም ሊታፈን ይችላል፤ ትንፋሹን ባወጣ ቁጥር አፈሩ ይጠብቃል፣ ደረቱም መልሶ የሚሰፋበት ቦታ ያጣል። አፈር ልምድ አይቆጥርም።

ለመነሻ የሚሆን ልክ ከፈለግክ የአሜሪካው የሥራ ደኅንነት ደንብ ጥሩ ነው። ጉድጓዱ 1.5 ሜትርና ከዚያ በላይ ከጠለቀ፣ ሙሉ በሙሉ ጽኑ አለት ካልሆነ በቀር፣ ጎኑ መደገፍ ወይም ዘንበል ተደርጎ መቆረጥ አለበት። ከዚያ ያነሰ ቢሆንም የመናድ ምልክት ካለ ያው ነው። የወጣው አፈር ከጠርዙ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። 1.2 ሜትርና ከዚያ በላይ በጠለቀ ጉድጓድ ውስጥ መሰላል ከማንኛውም ሠራተኛ በ7.5 ሜትር ርቀት ውስጥ ይኑር። መግቢያዬ ላይ ያነሳሁት ጉድጓድ ሦስቱንም አላሟላም፤ መሰላሉ እንኳ ከወጣቶቹ ርቆ ነበር የቆመው።

ለጥቂት ያመለጡ አደጋዎችን አለመመዝገብም እዚህ ይመደባል። የብሎን ቁልፍ ከላይ ወድቆ ከሰው እግር አጠገብ ያርፋል፣ ሁሉም ይስቃል፣ ሥራ ይቀጥላል። ያ ቁልፍ ነጻ ትምህርት ነበር።

አንዴ ገምግሞ ማስቀመጥ

ግንባታ በየቀኑ የሚለወጥ ሥራ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ማሽኑ ነገም እዚያው ቦታ ነው። ሳይት ላይ ትናንት መሬት የነበረው ዛሬ ጉድጓድ ነው፣ ትናንት ክፍት የነበረው ዛሬ ግድግዳ ነው።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1978 በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ዊሎው አይላንድ በተባለ ቦታ የኃይል ማመንጫ ማቀዝቀዣ ግንብ እየተሠራ ነበር። መወጣጫው መሬት ላይ የቆመ አልነበረም። እዚያው ግንቡ ላይ የታሰረ ነው፤ ግንቡ ባደገ ቁጥር አብሮ ይወጣል። አንድ ጠዋት፣ ከአንድ ቀን በፊት የተሞላው ኮንክሪት ሸክሙን መያዝ አቃተው፣ ተላጠ፣ መወጣጫው ዙሪያውን እየተቀዳደደ ወረደ። 51 ሠራተኞች ሞቱ። ምርመራው ያገኘው ኮንክሪቱ የተጣለበትን ጭነት ለመሸከም የሚያበቃ ጥንካሬ ገና እንዳልነበረው ነው።

አሠራሩ በፊት በተከታታይ ሠርቷል። ስለዚህ "አሠራሩ ደህና ነው ወይ?" ብትል መልሱ አዎ ነበር። መጠየቅ የነበረበት ሌላ ነው፦ ትናንት የሞላነው ዛሬ ጠዋት ምን ያህል ይሸከማል? ይህ ደግሞ በየጠዋቱ አዲስ መልስ ያለው ጥያቄ ነው፤ ብርድ የኮንክሪትን መጠንከር ያዘገያል። የሶሌታ ድጋፍ ስትነቅልም እንደዚሁ ነው። ቀን ቆጥሮ መንቀል ግምት ነው፣ የኮንክሪቱን ናሙና ጥንካሬ አስፈትሾ መንቀል ግን እውቀት።

ዝናብ፣ ነፋስ፣ አዲስ የሠራተኛ ቡድን፣ የዲዛይን ለውጥ፣ የተበላሸ መሣሪያ፣ የተጣደፈ ቀነ ገደብ። ከእነዚህ አንዱ ከመጣ ወረቀቱ አርጅቷል።

ድምፅ የሌላቸውን መርሳት

በአጭሩ። ኮንክሪት በግራይንደር ሲቆረጥ የሚወጣው ደቃቅ የሲሊካ አቧራ ሳንባ ላይ ጠባሳ እየፈጠረ ያደድረዋል፤ በሽታው ዓመታት ቆይቶ ይመጣል፣ አይድንም። ውኃ እያፈሰሱ መቁረጥ አብዛኛውን አቧራ ይይዘዋል። እርጥብ ሲሚንቶ ደግሞ ቆዳ ያቃጥላል። ጉልበቱን ኮንክሪት ውስጥ ነክሮ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ አያመውም፣ ማታ ሱሪውን ሲያወልቅ ነው የሚያየው።

የጎረቤትን ሥራ አለማየት

እያንዳንዱ ሰብ ኮንትራክተር የራሱ ግምገማ አለው፣ ለየብቻ ሲነበቡ ሁሉም ልክ ናቸው። ላይ ብየዳ አለ፣ ታች የሚቀጣጠል ቀለም ይቀባል። የበያጁ ወረቀት ስለ ቀለሙ አያውቅም፣ የቀቢው ወረቀት ስለ ብልጭታው አያውቅም። ጠዋት አምስት ደቂቃ አብሮ ቆሞ "ዛሬ ማን የት ነው?" መባባል ከሁለቱም ወረቀት ይበልጣል።

"ይደረጋል"

"ጠርዙ ይታጠራል።" "ክትትል ይደረጋል።" "ጥንቃቄ ይወሰዳል።" ማን ነው የሚያጥረው? መቼ? ቋንቋችን ለዚህ ይመቻል፤ ባለቤቱን ሳንጠራ ዓረፍተ ነገር መዝጋት እንችላለን። ግምገማ ላይ ግን ባለቤት የሌለው ግስ ባዶ ሳጥን ነው። ስም ጻፍ፣ ሰዓት ጻፍ። ሠራተኛው በማያነበው ቋንቋም አትጻፈው።

ደግሞ "ቁም" የማለት መብት የማን እንደሆነ ይገለጽ። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የግንባታ ደኅንነት ስምምነት ቁጥር 167፣ ሠራተኛው ከባድ አደጋ ተደቅኗል ብሎ የሚያምንበት በቂ ምክንያት ካለው ከቦታው የመራቅ መብት እንዳለው፣ ለአለቃውም ወዲያው የማሳወቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። የቀን ሠራተኛው ይህን ሲያደርግ ነገ ሥራ እንደማያጣ ካላወቀ ግን መብቱ የወረቀት ነው።

ያን ጠዋት ጉድጓዱ ዳር ቆመን ፎርማኑ "ደረቅ" የሚለውን ሊሰርዝ እስክሪብቶ አወጣ። አልጽፍ አለው። ፕላስቲክ ነዋ። ቢታገል ቢታገል ወይ ፍንክች። በመጨረሻ የሲሚንቶ ከረጢት ቀደደና ጀርባው ላይ ጻፈ፦ አፈሩ እርጥብ ነው፣ ስንጥቅ አለ፣ ቁልሉን እስከ አራት ሰዓት የኤክስካቫተሩ ሹፌር ያርቃል፣ ድጋፉ ሳይገባ ማንም አይወርድም። ከሥሩ ስሙን አሰፈረና ከረጢቱን መሰላሉ ላይ በሽቦ አሰረው።