የመፍቻ ትዕዛዙ ማኅተም ሳይደረግበት ስሙን አመሳክሩ

ዋስትና ተፈቅዶ፣ ገንዘቡም ተከፍሎ እያለ ታሳሪን አንድ ሌሊት ጨምሮ ከሚያሳድሩት ነገሮች አንዱ የስም አጻጻፍ ልዩነት ነው። እንደ ድሬዳዋ ባለ፣ አንዱ ስም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ በየራሱ ለዛ በሚጠራበት ከተማ፣ በጣቢያው መዝገብ «አብዱራህማን» የተባለው ሰው በመፍቻ ትዕዛዙ ላይ «አብዲረህማን» ሆኖ ሲገኝ፣ ተረኛው ፖሊስ ወረቀቱን ለእርማት ቢመልሰው አያስደንቅም፤ የተሳሳተ ሰው ቢፈታ ተጠያቂው እርሱ ነውና። ስለዚህ ወደ ፍርድ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት የታሳሪውን ስም እስከ አያት፣ ጣቢያው እንደመዘገበው ፊደል በፊደል ገልብጣችሁ ያዙ፤ ትዕዛዙ ሲጻፍም ከመስኮቱ ሳትርቁ አመሳክሩ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከሆነ አንዲት ፊደል እስከ ሰኞ ልታቆይ ትችላለች።

በጥሬ ገንዘብ የተያዘ ዋስትና፣ ተከሳሹ ቀጠሮውን አክብሮ ከቀረበ ጉዳዩ ሲያበቃ ስለሚመለስ፣ ደረሰኙ በእውነተኛው ከፋይ ስም ይቆረጥ።

ዋስትና ለተከለከለ ሰው ግን ይህ አይሠራም፤ መንገዱ በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 75 መሠረት በ20 ቀናት ውስጥ ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በጽሑፍ ማመልከት ነው።