«ፒ ላይ ነች፣ ምን ትሆናለች?» አውቶማቲክ መኪና ስናቆም የምንሠራቸው ስህተቶች

ጠዋት ነው። ደሴ ጉሟን ለብሳለች። ከፒያሳ በላይ፣ ወደ ጦሳ በኩል በሚወጣው ዳገት ላይ ያደረችውን ቪትዜን አስነሣሁ። ፍሬን ረግጬ ማርሹን ከፒ፣ ከማቆሚያው ቦታ፣ ላወጣ ብል እምቢ አለኝ። ጠንከር አድርጌ ሳብኩት። «ቋ!» አለና ወጣ። መኪናዋ ተንገጫገጨች።

ጎረቤቴ በራቸው ላይ ቆመው ጥርሳቸውን በመፋቂያ እየፋቁ ያዩኛል። ዕድሜያቸውን ኤንትሬ የሚባለውን ጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ምኑን ሰበርከው አንተ ልጅ?» አሉኝ።

«ወላሂ ምንም አልሰበርኩም ጋሼ። ማርሹ ነው፣ ያዝ አደረገኝ።»

«ማታ ፍሬን አማኖ ይዘሃል?» የእጅ ፍሬኑን ማለታቸው ነው።

ዝም አልኩ። ፒ ላይ ነበረቻ!

ማንዋል ስነዳ የእጅ ፍሬን ሳልይዝ ከመኪና ወርጄ አላውቅም። አውቶማቲክ ላይ ስወጣ ግን ፒ የምትባል ፊደል አገኘሁና እጄ ሰነፈ። ጓደኞቼን ብጠይቅ አብዛኛው እንደኔ ነው። ስንፍናው ብዙ የማይጎዳበት ሜዳ ከተማ ይኖራል። ደሴ ግን ተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ ሜዳ ማቆሚያ ማግኘት እንደ ዕጣ ነው። ስለዚህ በራሴም በሰውም ላይ ያየኋቸውን ስህተቶች ላውራችሁ።

ፒን እንደ ፍሬን መቁጠር

የነገሩ ሁሉ ሥር ይሄ ነው። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ጎማውን ከሚያዞረው ዘንግ ጋር አብሮ የሚዞር ባለ ጥርስ ቀለበት አለ። ማርሹን ፒ ላይ ስታደርጉት አንዲት አጭር የብረት ጥፍር ወርዳ በጥርሶቹ መሃል ትገባለች። በቃ፣ ፒ ማለት ይቺው ናት። የበር መቀርቀሪያ አስቡ። መቀርቀሪያ በሩን ይዘጋል፣ ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ ከብት ተደግፎት እንዲያድር አልተሠራም።

ዳገት ላይ በፒ ብቻ ስታቆሙ የሚሆነው ግን ልክ እንደዚያ ነው። እግራችሁን ከፍሬን ስታነሡ መኪናዋ ትንሽ ሸርተት ብላ ቆም ትላለች አይደል? ያቺ ሸርተት ጥፍሯ ጥርስ አግኝታ እስክትነክስ ያለው ክፍተት ናት። ከዚያ በኋላ መኪናዋን፣ ትንሿ ቪትዝ እንኳ 1 ቶን ገደማ ናት፣ ቁልቁል የሚጎትታት ኃይል በሙሉ እዚያች ጥፍር ላይ ያርፋል። ጠዋት «ቋ» የሚለው ጥፍሯ ከዚያ ሁሉ ሸክም ሥር በግድ ስትወጣ ነው። በአንድ ቀን አይሰበርም። በየቀኑ ሲሆን ግን ጥፍሯም ጥርሱም ይበላሉ። የካምቢዮ ሥራ ምን ያህል እንደሚያስወጣ የጠየቀ ሰው ያውቀዋል።

ሌላም አለ። ቪትዝ፣ ያሪስና ኮሮላን የመሳሰሉት አብዛኞቹ ትንንሽ መኪኖች የሚጎተቱት በፊት ጎማ ነው። ስለዚህ ፒ የሚይዘው የፊቱን ጎማ ነው። የእጅ ፍሬን ደግሞ የኋላውን ይይዛል። ሁለቱንም ስትጠቀሙ አራቱም ጎማ ተያዘ። አንዱን ስትተዉ ግማሿን ብቻ ነው የያዛችሁት።

«ይዣለሁ እኮ!»

ከዚያ ጠዋት በኋላ የእጅ ፍሬን መያዝ ጀመርኩ። ግን «ቋ»ው አልጠፋም። ጎረቤቴ መስኮቱን አንኳኩተው «እስቲ እንዴት እንደምታቆም አሳየኝ» አሉ። አሳየኋቸው። ፍሬን ረገጥኩ፣ ፒ አደረግኩ፣ እግሬን አነሣሁ፣ ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። ሳቁብኝ።

«ሸክሙን ካምቢዮው ላይ ከጫንከው በኋላ ነዋ የምትይዘው!»

እውነታቸውን ነው። ፒ ላይ አድርጋችሁ እግራችሁን ስታነሡ መኪናዋ ሸርተት ብላ ጥፍሯ ላይ ተኝታለች። ከዚያ በኋላ የሚሳብ የእጅ ፍሬን ለጥፍሯ ምንም አያግዛትም። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ፍሬን ረግጣችሁ ቁሙ። እግራችሁን ሳታነሡ ማርሹን ኤን (ነጻ) ላይ አድርጉ። የእጅ ፍሬኑን ጥብቅ አድርጋችሁ ሳቡ። አሁን እግራችሁን ቀስ አድርጋችሁ አንሡ፤ መኪናዋ ትንሽ ቁጭ ትልና በእጅ ፍሬኑ ትያዛለች። እንደገና ፍሬን ረግጣችሁ ፒ ላይ አድርጉና ሞተሩን አጥፉ። ሲጻፍ ረዘመ እንጂ አምስት ሰከንድ አይፈጅም።

ስትነሡ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ፍሬን ርገጡ፣ አስነሡ፣ ማርሹን ዲ (ወደ ፊት) ወይም አር (ወደ ኋላ) ላይ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን መጨረሻ ላይ ልቀቁ። መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑን ከለቀቃችሁት ሸክሙ ተመልሶ ጥፍሯ ላይ ይወድቃል፣ «ቋ»ውም ይመለሳል። ዳገቱ ቀጥ ያለ ከሆነ ትንሽ ነዳጅ ሰጥታችሁ መኪናዋ ወደ ፊት መጎተቷ ሲሰማችሁ ልቀቁት። ወደ ኋላ ሸርተት ብላ ከኋላችሁ የቆመውን ባጃጅ አታስደነግጥም።

«መኪናዬ የእጅ ፍሬን የላትም»

ይህን ያለኝ ሰው የምሬን ነው፣ መኪናዋን ከገዛ ስምንት ወር ሆኖት ነበር። አንዳንድ አውቶማቲክ መኪኖች መሃል ላይ የሚሳብ ዘንግ የላቸውም። በግራ በኩል፣ ማንዋል ቢሆን ፍሪሲዮን የሚሆንበት ቦታ አካባቢ፣ ትንሽ ፔዳል አለቻቸው። በግራ እግር ወደ ታች ስትረገጥ ትይዛለች። ብዙዎቹ ላይ ደግማችሁ ስትረግጧት ትለቃለች። አዳዲሶቹ ደግሞ በክብ ውስጥ ፒ የተጻፈባት ቁልፍ ነው ያላቸው። መኪና ስትገዙ ከሬዲዮው በፊት እሷን ፈልጉ።

ለይስሙላ መሳብ

ሁለት «ቀጭ» አድርጎ መተው የብዙ ሰው ልማድ ነው። ዳሽቦርድ ላይ መብራቷ ትበራለች፤ መብራቷ ግን ዘንጉ ከፍ ማለቱን እንጂ ጎማው መያዙን አታውቅም። ጠበቅ እስኪል ሳቡት። ስንት ጊዜ «ቀጭ» ማለት እንዳለበት እንደ መኪናው ይለያያል። የእናንተን ቁጠሩና ያዙት። ትናንት በ6 ይይዝ የነበረው ዛሬ 10 ከደረሰ ፍሬኑን የሚስበው ሽቦ፣ ካቦው፣ ላልቷል ወይም የፍሬን ሸራው አልቋል ማለት ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። ከኋላችሁም ከፊታችሁም ሰውና መኪና በሌለበት ዳገት ላይ የእጅ ፍሬኑን ያዙ፣ ማርሹን ኤን ላይ አድርጉ፣ እግራችሁን ከፍሬኑ ላይ ሳታርቁ ቀስ አድርጋችሁ አንሡ። ከተንቀሳቀሰች ነገ ጋራዥ ናችሁ። እኔ ጋር ተንቀሳቅሳ ነበር። መካኒኩ «ካቦው ዝጓል፣ ስለማትጠቀምበት ነው» አለኝ። የማይሳብ ካቦ ይዝጋል፣ የዛገ ካቦ ደግሞ የተፈለገ ቀን አይሰራም።

ጎማ ሲቀየር

ይህኛው የሰው ሕይወት ይቀጥፋል። የፊት ጎማ ፈነዳ፣ ዳር ያዛችሁ፣ «ፒ ላይ ነች» ብላችሁ ክሪኩን አስገባችሁ። አንዱ የፊት ጎማ ከመሬት ሲነሣ ፒ የያዘው ነገር የለም። ጉልበትን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያካፍለው ዲፈረንሻል መሬት ላይ የቀረው ጎማ ወደ አንድ በኩል፣ አየር ላይ ያለው ወደ ሌላው እንዲዞር ይፈቅዳል። መኪናዋ ከክሪኩ ላይ ትወርዳለች። የእጅ ፍሬን ጥብቅ ተደርጎ መያዝ አለበት፣ ጎማም መደገፍ አለበት፤ ቢቻል ሜዳ ፈልጉ። የኋላ ጎማ ሲሆን ደግሞ አንዱ የኋላ ጎማ አየር ላይ ነውና የእጅ ፍሬኑ ጉልበት ይቀንሳል፤ ድንጋዩን ከፊት ጎማ ሥር አድርጉ። ከመኪናው ሥር ማንም እጁንም እግሩንም አያስገባ።

በነገራችን ላይ ገጠር የምትወጡ የፎር ዊል ነጂዎች፣ ሁለተኛው ትንሽ ማርሽ ኤን ላይ ከቀረ ዋናው ፒ ላይ ቢሆንም መኪናው ነጻ ነው። ይንከባለላል።

ሐረጎን ስትወርዱ

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ። በመሃሉ ያለው ሐረጎ የሚባለውን ቁልቁለት የያዘ፣ ከ20 ኪሎ ሜትር ብዙ የማይበልጥ መንገድ ነው። ያንን ሁሉ ከፍታ መኪናዋ በፍሬን ልትከፍለው ነው፣ ሐረጎን የሚያውቅ ይረዳኛል። ሽታውም ይታወቃል፣ የተቃጠለ ሸራ።

እዚህ የእጅ ፍሬን ስህተቱ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ረስቶ ይዞ መንዳት ነው። አውቶማቲክ መኪና ተይዞም ይሄዳል፣ ትንሽ ከበድ ይላል እንጂ፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ክብደቱም አይታወቅም። የኋላው ሸራ ሲግል ይከዳል፣ የፍሬን ዘይቱም ሊፈላ ይችላል። ከመውረዳችሁ በፊት ቀይዋን መብራት እዩ። የእጅ ፍሬኑን ለቃችሁም ካልጠፋች የፍሬን ዘይት ጎድሎ ሊሆን ይችላል፣ ሳታዩ አትውረዱ።

ሁለተኛው የእጅ ፍሬኑን እንደ ረዳት መሳብ ነው። ቁልቁለቱ ሲከብድ ሳብ ለቀቅ የሚያደርግ ሰው አይቻለሁ። የኋላ ጎማ ከተቆለፈ፣ በተለይ በክረምት፣ መኪናዋ ጭራዋን ትጥላለች። ረዳታችሁ ሞተሩ ነው። ኤል፣ 2 ወይም ቢ የሚል ማርሽ ካላት እዚያ ላይ አድርጉና ቀስ ብላችሁ ውረዱ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በኤን፣ የድሮ ሾፌሮች ፎሌ በሚሉት፣ መውረድማ ከቁጠባም አይቆጠር። የእግር ፍሬን ጭራሽ እምቢ ካለ ግን ያኔ የእጅ ፍሬን የመጨረሻ መሣሪያ ነው። ዝቅተኛ ማርሽ አስገብታችሁ፣ የዘንጉን ቁልፍ በአውራ ጣት ተጭናችሁ፣ ቀስ በቀስ ሳቡት። 

ሦስተኛው ኮምቦልቻ ስትደርሱ ነው። የኋላ ፍሬናቸው ዲስክ የሆኑ መኪኖች ላይ ብረቱ ሲግል ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። እንደጋለ ላላ አድርጋችሁ ይዛችሁት ሻይ ስትጠጡ፣ ቀዝቅዞ ሊለቅ ይችላል። ደህና አድርጋችሁ ያዙት፣ ፒም ይጨመር።

የኤሌክትሪክ መኪኖቹ

ነዳጅ የሚጠጡ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ ቁልፍ የምትጫኑላቸው መኪኖች በዝተዋል። ከነሱ ጋር አዲስ ስህተት መጣ፤ ኦቶ ሆልድን የእጅ ፍሬን አድርጎ ማሰብ። ኦቶ ሆልድ መብራት ላይ ስትቆሙ እግራችሁን የሚያሳርፍ ነው፤ ጥላችሁት የምትወርዱበት አይደለም። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይዋን ምልክት ሳታዩ በር አትክፈቱ። የኋላ ሸራ ስታስቀይሩ ደግሞ መካኒኩ ፍሬኑን መጀመሪያ በኮምፒውተር ወይም በመኪናው ሜኑ ወደ ጥገና ሁኔታ እንዲያስገባው ንገሩት። በጉልበት ገፍቶ ቢመልሰው ፍሬኑን የምትይዘውን ትንሿን የኤሌክትሪክ ሞተር ሊሰብራት ይችላል።

የማይያዝበት ጊዜም አለ

በበረዶ አገር ያሉ ሰዎች «ሌሊት የእጅ ፍሬን አትያዙ፣ በረዶ ሆኖ ይጣበቃል» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። የኛ ብርድ እዚያ አያደርስም። ግን በክረምት ታጥባ ወይም ዝናብ ጠጥታ ለሳምንታት የምትቆም መኪና የሸራና የታምቡር ነገሯ ዝጎ ሊጣበቅ ይችላል። ለረጅም ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ግቢ ውስጥ ሜዳ ላይ በፒ አቁማችሁ ጎማዋን ከፊትም ከኋላም ደግፉ። ዳገት ላይ ግን ይህ አይሠራም፤ ይጣበቅ፣ ይያዝ።

መሪውን ቀጥ አድርጎ መተውና ድንጋዩ

በቀኝ በኩል ስታቆሙ አፍንጫዋ ወደ ታች ከሆነ መሪውን ወደ ቀኝ፣ ወደ ጠርዙ አዙሩት። አፍንጫዋ ወደ ላይ ከሆነና የእግረኛ ጠርዝ ካለ ወደ ግራ፣ ጠርዝ ከሌለ ወደ ቀኝ። ብትለቅ እንኳ ጠርዝ ወይም ዳር ትይዛለች እንጂ መሃል መንገድ አትገባም።

ከዚያ ድንጋይ። የጭነት መኪና ረዳት መኪናው ከመቆሙ በፊት ከጎማ ሥር የሚደረገውን ታኮ ይዞ ሲዘል አይታችሁ ታውቁ ይሆናል፣ ለትንሽ መኪናም ነውር የለውም። ነውሩ ድንጋዩን መንገድ ላይ ጥሎ መሄድ ነው። ማታ መብራት በሌለበት ዳገት ላይ ያንን ድንጋይ የሚያገኘው ሌላ ጎማ ነው፣ ወይም የባጃጅ ሦስተኛ እግር። ጎረቤቴ በኤንትሬው ዘመን የተጠቀሙባትን የባሕር ዛፍ ታኮ ሰጥተውኛል፣ ገመድ አላት። ገመዷን በር እጀታ ላይ አስራታለሁ፣ ስነሣ በሩን ስከፍት እጄ ላይ ትመጣለች።