አንዳንዴ ተነስቶ አንዳንዴ የሚያስቸግር መኪና፦ ባለቤቱም መካኒኩም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ደብረ ብርሃን ደጅ ያደረ መኪና ጠዋት መስታወቱ ውርጭ ለብሶ ይገኛል። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ አንድ ሁለት ጊዜ አቃስቶ ዝም ይላል፤ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ግን ምንም እንዳልነበረበት በመጀመሪያው ሙከራ ይነሳል። ባለቤቱም ጋራዥ ያደርሰዋል፣ መካኒኩ አሥር ጊዜ ያስነሳዋል፣ አሥሩንም ጊዜ ይነሳል። ጨርሶ የማይነሳ መኪና ብልሽቱን ይዞ ስለሚቆም ለመመርመር ይቀላል። እንዲህ ያለው ግን ብልሽቱን የሚያሳየው በራሱ ሰዓትና በራሱ ሁኔታ ብቻ ስለሆነ፣ ሰዉ በግምት ዕቃ ወደ መቀየር ይሄዳል። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚሁ ነው።

«አልነሳም አለ» ብሎ ማብቃት

ለመካኒኩ የሚነገረው ነገር ብዙውን ጊዜ ይኸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ነገር ግን መኪና አልነሳም የሚልባቸው መንገዶች እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ናቸው። ሞተሪኖው (ቁልፉ ሲዞር ሞተሩን የሚያሽከረክረው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር) ሞተሩን በደንብ እያሽከረከረ ሞተሩ ግን ካልተቀጣጠለ፣ ችግሩ ያለው በነዳጁ፣ በካንዴላው ብልጭታ ወይም ለኮምፒዩተሩ መረጃ በሚያቀብል ሴንሰር ላይ ነውና በዚህ ጊዜ ባትሪ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። ሞተሪኖው እየተጎተተ በዝግታ ካዞረ ግን ባትሪውን፣ የባትሪውን ገመዶችና ራሱን ሞተሪኖውን መጠርጠር ይገባል። አንድ ጊዜ ጠንከር ያለ «ቀጭ» ተሰምቶ ዝም ካለ ጥርጣሬው ይበልጥ ወደ ሞተሪኖው ያዘነብላል፤ «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» እያለ በፍጥነት ከተደጋገመ ደግሞ ባትሪው ደክሟል ወይም ገመዱ የሚታሰርበት የባትሪው ራስ ላልቷል። ምንም ድምፅ ሳይኖር የዳሽቦርዱ መብራቶች ደምቀው ከበሩ የቁልፉን ማብሪያ፣ ሪሌውን (ኃይሉን ወደ ሞተሪኖው የሚያገናኘውን ማብሪያ)፣ በአውቶማቲክ መኪና ላይም የማርሹን ስዊች ማየት ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ ማርሹን ወደ ዜሮ አድርጎ መሞከር ምንም የማያስወጣ ምርመራ ነው።

ስለዚህ ዳሽቦርዱ ላይ ትንሽ ደብተር ያስቀምጡ። መኪናው ባስቸገረ ቁጥር ሰዓቱን፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን ትኩስ፣ ስንት ሰዓት ቆሞ እንደነበር፣ ዝናብ መኖር አለመኖሩን፣ የተሰማውን ድምፅና የመብራቱን ሁኔታ ይጻፉ። አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ከተጻፈ በኋላ ደብተሩ ራሱ ይናገራል።

ባትሪውን ሳይለኩ መቀየር

ይህን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ። አሮጌ የቤት መኪናዬ ጠዋት ጠዋት ስታስቸግረኝ የሄድኩበት ጋራዥ ምንም ሳይለካ ባትሪ እንድገዛ ነገረኝ፤ ገዛሁ። ሦስት ሳምንት ያህል ደህና ሠርታ ወደ ቀድሞ ጠባይዋ ተመለሰች። ቀጥሎ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ተጠረጠረና እሱም ተቀየረ። በመጨረሻ የተገኘው ብልሽት ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘው የማሳ ገመድ ጫፉ ዝጎ መላላቱ ነበር፤ ያውም በቁራጭ የብረት ብሩሽና በአንድ ብሎን የሚስተካከል። አዲሱ ባትሪ ጉልበት ስለነበረው የዛገውን መገናኛ ለጥቂት ሳምንታት አልፎ መሥራት ቻለ እንጂ ብልሽቱን አልነካውም።

መለካት ከባድ አይደለም፤ ቮልት የሚለካ አንድ ተራ ቴስተር ይበቃል። ሌሊቱን ያደረ ጤነኛና ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። 12.2 ካሳየ ግማሽ ያህሉ አልቋል፣ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ይሁንና ቆሞ ጥሩ ቁጥር ያሳየ ባትሪ ሥራ ሲመጣበት ሊወድቅ ስለሚችል ዋናው ልኬት ሌላ ሰው ቁልፉን እያዞረ የሚወሰደው ነው፤ በዚያ ጊዜ ቮልቴጁ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ተዳክሟል ወይም በቂ ኃይል አልተሞላም። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካለ ዲናሞው ሥራውን እየሠራ ነው፤ ከዚህ ካነሰ ዲናሞውን ከመቀየር አስቀድሞ እሱን የሚያዞረው ቺንጋ አለመላላቱን ይመልከቱ።

ልኬቱ መወሰድ ያለበት ጠዋት፣ በብርዱ ነው። ባትሪ በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ከአቅሙ አምስት እጅ አራቱን ያህል ብቻ ሲሰጥ፣ የሞተሩ ዘይት ደግሞ ወፍሮ ሞተሪኖውን የበለጠ ያስለፋዋል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት የተለካ ባትሪ ስለ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ብዙ አይነግረንም።

የማሳውን መስመር መዘንጋት

ሰው ሁሉ ቀዩን ገመድ ያያል፤ ኃይሉ ወደ ባትሪው የሚመለስበትን ጥቁሩን ግን ጥቂቶች ናቸው የሚያስታውሱት። የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን ቀለም በሌለው የሞተሩ ብረት ላይ ያድርጉና ረዳትዎ ቁልፉን እንዲያዞር ያድርጉ። ከ0.2 ቮልት በላይ ከታየ በመካከል ያለ መገናኛ ኃይሉን እያስቀረ ነው። ገመዱ ከውጭ ሲታይ ደህና መምሰሉ አያታልልዎ፤ ዝገቱ የሚደበቀው ከብሎኑ ሥር ወይም ከፕላስቲኩ ውስጥ ነው። የባትሪው ራስ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካበቀለም በመጀመሪያ ኔጌቲቩን ይፍቱ፣ በመጨረሻ እሱኑ መልሰው ይግጠሙ፣ ዱቄቱም አሲድ ስላለበት ዓይንዎንና እጅዎን ይጠብቁ።

የብርዱንና የሙቀቱን ብልሽት እንደ አንድ ማየት

የሰሜን ሸዋ መንገድ ለምርመራ የተመቸ ነው፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፣ የጣርማበር ዋሻ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ ወደ 1,300 ሜትር ዝቅ ብላ ትሞቃለች። አንድ መኪና በግማሽ ቀን ሁለቱንም አየር ያያል። ደብረ ብርሃን ጠዋት አስቸግሮ ሸዋ ሮቢት እኩለ ቀን ላይ የማያስቸግር ከሆነ ባትሪውን፣ መገናኛዎቹንና ዘይቱን ይመርምሩ። የናፍጣ ሞተር ከሆነ ከእነዚህ በፊት የማሞቂያ ካንዴላዎቹ ይፈተሹ፤ ከአራቱ አንዱ ወይም ሁለቱ ሲቃጠሉ ሞተሩ በብርድ ነጭ ጭስ እያወጣ ይቸገራል፣ ቀን ግን ምንም አይታይበትም።

ጉዳዩ የተገላቢጦሽ ሲሆን፣ ማለትም ጠዋት በአንዴ ተነስቶ ረጅም መንገድ ተጉዞ ለምሳ ከቆመ በኋላ የማይነሳ ከሆነ፣ ምርመራው ሌላ መንገድ ይይዛል። ሞተሩ ሲጠፋ ማቀዝቀዣው ስለሚቆም ከኮፈኑ ሥር ያለው ሙቀት ለጥቂት ጊዜ ከፍ ይላል። ሞተሪኖው እያዞረ ሞተሩ ካልተቀጣጠለ፣ ግማሽ ሰዓት ቆይቶም በራሱ ከተነሳ፣ የክራንክ ዘንግ ሴንሰር (የሞተሩን ዙር ለኮምፒዩተሩ የሚያሳውቀው) ቀዳሚው ተጠርጣሪ ነው። ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅል ካርቡራቶር ባላቸው አሮጌ መኪኖች ደግሞ የጣርማበርን ዳገት ወጥቶ አናቱ ላይ የቆመ ሞተር ቤንዚኑ በመስመሩ ውስጥ ሊተንበት ይችላል፤ በከፍታ ቦታ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ቤንዚን በቀላሉ ይፈላልና። እንዲህ ሲሆን ኮፈኑን ከፍቶ መታገሥ ይሻላል፤ ነዳጅ መርገጫውን ደጋግሞ መርገጥ ነገሩን ያብሰዋል።

ሞተሪኖውን መትቶ መሄድ

ሞተሪኖውን በእንጨት ቀስ ብሎ መታ መታ ሲያደርጉት ከተነሳ ይህ መረጃ ነው፤ በውስጡ ያለው ካርቦን አልቋል ወይም የመዳብ መገናኛዎቹ ተበልተዋል ማለት ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው መረጃውን እንደ ጥገና ቆጥሮ ለወራት እየመቱ ሲነዱ ነው። በብዙ የጃፓን መኪኖች ላይ በሚገኘው የሞተሪኖ ዓይነት «ቀጭ» ብሎ ዝም የሚያሰኘው የእነዚህ ሁለት ትንንሽ መዳቦች መበላት ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ ሙሉ ሞተሪኖ ከመግዛትዎ በፊት አስፈትተው ያሳዩ።

በቁልቁለትና በግፊ መተማመን

ማታ ማታ መኪናን ቁልቁለት ላይ አቁሞ ጠዋት አንከባሎ ማስነሳት የብዙዎቻችን ልማድ ሆኗል። አውቶማቲክ መኪና እንዲህ አይነሳም። በማኑዋሉም ቢሆን ሞተሩ እስኪነሳ ፍሬኑና መሪው ያለ ኃይል እገዛ ስለሚደነድኑ፣ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ዓይነት ጠመዝማዛ ላይ ይህን መሞከር ሕይወትን መድፈር ነው፤ አጥብቄ እለምናለሁ፣ አታድርጉት። በቀዘቀዘ ካርተር (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ሥር እሳት ማንደድም እንዲሁ፤ ዘይት ወይም ነዳጅ በተንጠባጠበበት ሞተር ሥር እሳት ቦታ የለውም።

ሌሊት የሚፈሰውን ኃይል አለመፈለግ

በኋላ የተገጠመ አላርም ወይም ቴፕ ቁልፉ ከወጣ በኋላም ኃይል ሊስብ ይችላል። ከ50 ሚሊአምፔር ያነሰ ፍጆታ የተለመደ ነው። ግማሽ አምፔር የሚፈስ ከሆነ ግን 60 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ በሁለት ቀን ተኩል ግማሹን ያጣል፤ ዓርብ ማታ ቆሞ ሰኞ ጠዋት የማይነሳ መኪና ብዙ ጊዜ ታሪኩ ይህ ነው። ቴስተሩን በኔጌቲቩ መስመር መካከል አስገብተው ፊውዞቹን አንድ በአንድ ይንቀሉ፤ ቁጥሩ የሚወርድበት ፊውዝ ጥፋተኛውን መስመር ያሳያል። ቴስተሩ በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ መኪናውን ለማስነሳት ፈጽሞ አይሞክሩ፣ ይቃጠላል።

ከሰዓት በኋላ ሞክሮ ተረከብኩ ማለት

ጥገናው ሲያልቅ መኪናውን በትኩስ ሞተር ሁለት ጊዜ አስነስቶ ሒሳብ መክፈል የተለመደ ነው። ብልሽቱ የብርድ ከነበረ መኪናው አንድ ሌሊት ደጅ ይደር፤ የሙቀት ከነበረ ረጅም መንገድ ተነድቶ ይቁምና ከሩብ ሰዓት በኋላ ይሞከር። ከአንድ በላይ ዕቃ በአንድ ቀን እንዳይቀየርም ከመካኒኩ ጋር ይስማሙ፣ የተፈታውን ዕቃም ተቀብለው ያስቀምጡ። እኔ የማሳ ገመዱ ከታሰረ በኋላ አሥር ጠዋት በተከታታይ ለክቼ ደብተሩ ላይ ጽፌአለሁ፤ ቁልፉ ሲዞር የነበረው ዝቅተኛው ቁጥር በጣም በበረደው ቀን የታየው 10.4 ቮልት ነበር።