ሲኤልኤ ከመፈረም በፊት፦ የምትሰጡት ኮድ የእናንተ ነው?

ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ሆናችሁ የአንድ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮግራም የአማርኛ ትርጉም አረማችሁና ፑል ሪኩዌስት (ለውጡ እንዲካተት የሚቀርብ ጥያቄ) ላካችሁ እንበል። ወዲያው ቦት (በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም) «ሲኤልኤ አልተፈረመም» ብሎ ሊንክ ያስቀምጣል። ብዙ ሰው ሳያነብ «እስማማለሁ»ን ይጫናል። ሲኤልኤ ግን ኮድ ሰጪ ከፕሮጀክቱ ባለቤት ጋር የሚገባው ውል ነው፤ አብዛኛው ደግሞ አጭር ስለሆነ ቡና እስኪፈላ ተነቦ ያልቃል።

መጀመሪያ የምታዩት ፈቃድ ነው የሚጠይቀው ወይስ ባለቤትነት የሚለውን ነው። ፈቃድ መስጠት የጤፍ ዘር እንደማካፈል ነው፤ ጎረቤት ወስዶ ይዘራል፣ በጎተራችሁ ያለው ግን የእናንተው ነው፣ ለሌላም ታካፍላላችሁ። የአፓቼ ፋውንዴሽን ሲኤልኤ እንዲህ ነው፤ የቅጂ መብቱ እናንተው ጋ ይቀራል። «የማይሻር» የምትለዋን ቃል ግን አስተውሏት፤ የተዘራ ዘር መልስልኝ አይባልም። ባለቤትነት ማስተላለፍ ጎተራውን ከነቁልፉ ማስረከብ ነው። ለኢማክስ (የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ነው) ከጥቂት መስመር ያለፈ ኮድ የሚሰጥ ሰው የቅጂ መብቱን ለፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን በጽሑፍ ያስተላልፋል።

ቀጥሎ ተቀባዩ ኮዱን በሌላ ላይሰንስ ማውጣት ይችል እንደሆነ ፈልጉ። ሃሺኮርፕ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ቴራፎርም የተባለ ፕሮግራሙን ከኦፕን ሶርስ ላይሰንስ የተፎካካሪን የንግድ አጠቃቀም ወደሚገድበው ቢዝነስ ሶርስ ላይሰንስ ሲያዛውር፣ ኮድ የሰጡት ሰዎች አስቀድመው ሲኤልኤ ፈርመው ነበር። ይህ የሚከፋችሁ ከሆነ ሳትፈርሙ ወስኑ።

ከሁሉ የሚከብደው «ይህን ለመስጠት መብት አለኝ» የሚለው አንቀጽ ነው። የአገራችን አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል፤ በቅጥር ሥራ ላይ የተሠራውን ግን፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ያደርገዋል። ስለዚህ አንድ የባንክ ሠራተኛ ለመሥሪያ ቤቱ የጻፈውን የዘመን አቆጣጠር መቀየሪያ በራሱ ስም ሊፈርምበት አይችልም። ማኅተም ያረፈበት የፈቃድ ደብዳቤ ያውጣ፣ ወይም መሥሪያ ቤቱ የድርጅት ሲኤልኤ ይፈርም። ከስታክ ኦቨርፍሎው (የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ) የተቀዳ ኮድም «የራሴ ሥራ» አይባልም፤ የራሱ ላይሰንስ አለው።

ስማችሁን በፓስፖርት ወይም በፋይዳ ላይ በላቲን እንደተጻፈው አስገቡ። «የቤተሰብ ስም» በሚለው ቦታ የአባት ስም ይገባል።

ፈርማችሁም ቦቱ እምቢ ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ኢሜይል ነው። ቦቱ የሚያየው በኮሚቱ (በተመዘገበው የኮድ ለውጥ) ላይ ያለውን ኢሜይል ነው፤ በዩኒቨርሲቲ ላብ ኮምፒውተር ላይ ከሠራችሁ ጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያው ፕሮግራም) የሌላ ሰው ኢሜይል ይዞ ሊሆን ይችላል። በጊት ኮንፊግ የራሳችሁን አስገቡ፣ የመጨረሻውን ኮሚት «አሜንድ» ከ«ሪሴት ኦተር» ጋር አድርጋችሁ አድሱ፣ ከዚያ በፎርስ ፑሽ (የቀድሞውን ኮሚት በአዲሱ በሚተካ ትእዛዝ) መልሳችሁ ላኩ። ጓደኛችሁ የጻፈው ኮሚት ካለበት እሱም መፈረም አለበት፤ በእናንተ ስም ጨፍልቆ ማለፍ የሐሰት ቃል መስጠት ነው።

አንዳንድ ፕሮጀክት ሲኤልኤ የለውም፤ እንደ ሊነክስ ከርነል ዲሲኦ (ኮዱን የመስጠት መብት እንዳላችሁ የምትሰጡት ማረጋገጫ) ይጠይቃል። እዚያ ጊት ኮሚት ስትሉ ሰረዝና ትንሿን ኤስ ጨምሩ፤ ስማችሁና ኢሜይላችሁ ከመልእክቱ ግርጌ ይሰፍራል። ፎርም የለም፣ ኮዱን የመስጠት መብት እንዳላችሁ ግን በየኮሚቱ ታረጋግጣላችሁ።